የመርዝ መከላከል የመሐንዲስ ሥራ ነው

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከኮንዶሚኒየሙና ከፋብሪካው ሌላ አንድ አህጉራዊ ጎረቤት አግኝቷል። በኃይሌ ጋርመንት አደባባይ በኩል በ90,000 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ያረፈው የአፍሪካ በሽታ መከላከልና መቆጣጠሪያ ማዕከል ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ግንባታው በቻይና ድጋፍ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ተጀምሮ ጥር 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ተመረቀ። የአደጋ ጊዜ ማዘዣ ክፍል፣ የመረጃ ማዕከልና ላቦራቶሪ አለው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የመካኒሳው አልኮል ፋብሪካና የንፋስ ስልክ ቀለም ፋብሪካ አሉ፤ በለቡ በኩል የጅቡቲ ባቡር መስመር ያልፋል፤ በአጎራባቹ ቃሊቲ ደግሞ የቆላ ዝንብ ወንዶችን በጋማ ጨረር የሚያመክን ተቋም ይገኛል። በመካከላቸው ትንሹ አቃቂ ወንዝ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ በዳርቻው ጎመንና ሰላጣ ይመረታል። ይህን ሁሉ የደረደርኩት ሰፈሩን ለማስፈራራት አይደለም። የማዕከሉ ላቦራቶሪ የተሠራው ሰውን ከበሽታ ለመጠበቅ እንጂ ለማሳመም አይደለም፤ ስለ እሱ የሚናፈሰውን አሉባልታ የሚያጠናክር ቃል ከዚህ ጽሑፍ እንዲወጣ አልፈልግም። የምለው ኬሚካል፣ ጀርምና ጨረር የሩቅ አገር ወሬ መሆናቸው ካበቃ ቆይቷል ነው።

የቅርብ ጊዜ ዜናዎችም ይህንኑ ያሳያሉ። መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር ሞስኮ ላይ ተፈራረመች። በኅዳር ወር በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ ተገኘ። በዚያው ኅዳር፣ በ2020 ዓ.ም. የሚካሄደውን 32ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ እንድታስተናግድ ቤሌም ላይ ተወሰነ። ሦስቱ ዜናዎች በጋዜጣ ላይ የየራሳቸው ገጽ ነበራቸው፤ አንዱ በኢኮኖሚ፣ አንዱ በጤና፣ አንዱ በዲፕሎማሲ። የሚያገናኛቸው ግን አንድ ጥያቄ ነው። በዓይን የማይታይ መርዝ ከተማ ውስጥ ቢፈስ ቦታውን ለክቶ፣ አጥሮ፣ አጥቦ ለነዋሪው መልሶ የሚያስረክበው ማነው? ብዙ አገሮች ለዚህ ሥራ ያዘጋጁት በኬሚካል፣ በባዮሎጂና በኒውክሌር አደጋ የሠለጠነ የጦር ክፍል ነው፤ አንዳንዶቹም ክፍሉን በመሐንዲሱ ሥር አድርገውታል። ኢትዮጵያም እንዲህ ያለ ክፍል ያስፈልጋታል ባይ ነኝ፤ ነገር ግን ትንሽ፣ ከኮማንዶው ይልቅ ከመሐንዲሱ የተወለደ፣ ከከተማ ሲገባም በሲቪል ባለሥልጣን የሚታዘዝ።

ክርክሩን ከውጭ አገር ምሳሌ መጀመር አያስፈልግም፤ ኢትዮጵያ ከማንም በላይ ትምህርቱን በቆዳዋ የተቀበለች አገር ናትና። ጣሊያን በመርዝ ጋዝ መዋጋትን የሚከለክለውን እ.ኤ.አ. የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ፈርማ፣ አጽድቃም ነበር። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ላይ ግን አውሮፕላኖቿ በተከዜ ዳርቻ በነበረው በራስ እምሩ ጦር ላይ ኢፕሪት፣ በተለምዶ የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለውን፣ ጣሉ። ራስ እምሩ ኋላ እንደተረኩት የወረደው ነገር በለመዱት ዓይነት የሚፈነዳ ቦምብ አልነበረም፤ መሬት ሲነካ ተሰብሮ ቀለም የሌለው ፈሳሽ የሚረጭ በርሜል መሳይ ነገር ነበር። የነካው ሰው እጁ፣ እግሩ፣ ፊቱ ቆሰለ። ሲ 500 ቲ የተባለው ትልቁ ቦምብ ብቻውን ከ200 ኪሎ በላይ ኢፕሪት ይይዝ ነበር። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ያሰሙት አቤቱታ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ከዚያም ወዲህ ትውልድ ሁሉ ታሪኩን ሲያነሣ የሚያነሣው የማኅበሩን ክህደትና የጣሊያንን ግፍ ነው፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። የወታደራዊው ትምህርት ግን ከዲፕሎማሲው ጩኸት ሥር ተቀብሮ ቀርቷል።

በዚያን ዘመን መከላከያ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ጭንብል ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በልዕልት ፀሐይ ይመራ የነበረው የሴቶች ማኅበር ሳይቀር ለዘማቹ ቀላል የጋዝ መከላከያ ጭንብል ይሰፋ ነበር። የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ለኢፕሪት ግን ከግማሽ መንገድ አያልፍም። ኢፕሪት ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ በባሕርዩ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው። ሣርና ቁጥቋጦ ላይ ተለጥፎ፣ በቀዝቃዛ አየር ለቀናት ከዚያም በላይ ይቆያል። ጨርቅና ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ወዲያው አያምም፤ ቁስሉ የሚወጣው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ ስለዚህ የተነካው ሰው መነካቱን ሳያውቅ ይዘምታል፣ ይተኛል፣ ጓዱን ያቅፋል። አብዛኛው ዘማች ደግሞ ባዶ እግሩን ነበር። እንዲህ ላለ ጠላት ፊትን መሸፈን ብቻውን ምን ይረባል? ያስፈልግ የነበረው የተመረዘውን መሬት ፈጥኖ ለይቶ ምልክት የሚያደርግ፣ ጦሩን በሌላ መንገድ የሚያሻግር፣ የተነካውን በደቂቃዎች ውስጥ ልብሱን አስወልቆ በብዙ ውሃ የሚያጥብ፣ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ከሌላ ምንጭ የሚያቀርብ ክፍል ነው። መንገድ፣ ውሃ፣ ምልክት፣ ቁፋሮ፤ እነዚህ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ የመሐንዲስ ጦር ሥራዎች ናቸው።

የሚያሳዝነው በኢትዮጵያ ታሪክ የኬሚካል ክፍል የሚባል ጦር ስሙ ጎልቶ የሚነሣው በጠላት ወገን መሆኑ ነው። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ ውስጥ ዘረት በተባለው ስፍራ የራስ አበበ አረጋይ ተከታዮች፣ ሴትና ሕፃን ቁስለኛም ሳይለይ፣ ዋሻ ውስጥ ተከበቡ። መድፍና መትረየስ አላስወጣቸው ሲል ከግራናቲየሪ ዲ ሳቮያ ክፍለ ጦር የኬሚካል መቶ ተጠርቶ ኢፕሪትና አርሲን የተባለውን ጋዝ አወረደባቸው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም. ነው። በዚያው 1988 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የኬሚካል ጦር መሣሪያን የሚያግደውን ስምምነት አጸደቀች። ዛሬ ጣሊያን በቺቪታቬኪያ ከተማ በመከላከል ሥራ ላይ ብቻ የተሠማራ፣ ክሬሞና የሚባል ሙሉ ሬጅመንት አላት። ያጠቃው አገር ዜጋውን ከዚያ ዓይነት አደጋ የሚያጥብበትን ክፍል ሲያደራጅ የተጠቃው ዋና ድርሻ ውል ማጽደቅ ሆኖ መቅረቱ አይዋጥልኝም።

ዘመኑ ተለውጧል፤ ማን ኢፕሪት ይጥልብናል? የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግድም በስምምነቱ አባላት የታወጀው የኬሚካል መሣሪያ ክምችት ሁሉ ወድሞ አልቋል፤ ስለዚህ ጥያቄው ቦታ አለው። ሆኖም ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ከተሞችን ያንበረከከው አደጋ ከአውሮፕላን የወረደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚሏ ጎያኒያ ሁለት ሰዎች ከተተወ የሕክምና ሕንጻ ውስጥ የጨረር ማሽን አካል ነቅለው ለቁራሊዮ ነጋዴ ሸጡ። ውስጡ የነበረው ሲዚየም 137 ከ100 ግራም በታች ነበር። በጨለማ ሰማያዊ የሚያበራውን ዱቄት ዘመድ አዝማድ ተከፋፈለው፤ ሕፃናት ገላቸውን ተቀቡት። አራት ሰው ሞተ፣ 249 ሰዎች መበከላቸው ታወቀ፣ ከ112,000 በላይ ሕዝብ ስታዲየም ውስጥ ተሰልፎ ተመረመረ፤ ቤት ፈርሶ፣ አፈር ተገፍፎ 3,500 ሜትር ኩብ የሚሆን ቆሻሻ ተቀበረ። ቁራሌው በየበሩ በሚጣራባት፣ ብረታ ብረት ሁሉ ምናለሽ ተራ በሚገባባት ከተማ ለምንኖር ሰዎች ይህ ታሪክ ማብራሪያ አያሻውም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት ጨረር ማከም የጀመረው በ1990 ዓ.ም. ግድም ነው፤ ቃሊቲ ያለውን ጠቅሻለሁ፤ የኢንዱስትሪ መለኪያዎች ውስጥም የጨረር ምንጭ አለ። የአንድ ምንጭ ዕድሜ ከማሽኑ፣ ከመሥሪያ ቤቱ፣ አንዳንዴም ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ስም ይረዝማል።

የቶኪዮው ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 1995 አንድ የእምነት ቡድን በምድር ውስጥ ባቡር ሳሪን ሲለቅ ከ5,000 በላይ ሰዎች ወደ ሐኪም ቤት ጎረፉ። ቅዱስ ሉቃስ የተባለው ሆስፒታል ብቻ በዚያን ቀን 640 ሰዎች ደረሱበት። የበዙት አምቡላንስ አልጠበቁም፤ በእግራቸው፣ በታክሲ፣ ባገኙት መኪና መጡ። ልብሳቸውን ያስወለቀ፣ ያጠበ ማንም ስላልነበረ መርዙ አብሯቸው ገባ፤ ከሆስፒታሉ ሠራተኞችም ከአምስት አንድ በሚበልጡት ላይ ምልክቱ ታየ። ባቡሮቹን ያጠበው በስተመጨረሻ የጦሩ የኬሚካል ክፍል ነው። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ለወታደሩ የሚመች አይደለም፤ የመጀመሪያው ሰዓት መቼም የጦሩ አይሆንም። ከካምፕ ተነሥቶ፣ ዕቃ ጭኖ፣ በሳሪስ መጨናነቅ ውስጥ እስኪያልፍ ድረስ የሚድነው ድኗል፣ የሚሞተውም ሞቷል። የመጀመሪያው ሰዓት የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ባልደረባ፣ የጤና ጣቢያው ነርስ፣ የፋብሪካው ጥበቃ ነው። ልብስ ማስወለቅና በውሃ ማጠብ አብዛኛውን ብክለት እንደሚያስወግድ እነዚህ ሰዎች ካላወቁ ሬጅመንት ቢቋቋም ትርጉም የለውም።

ታዲያ ጦሩ የት ይገባል? ከሁለተኛው ሰዓት በኋላ ባለው፣ ማንም ካሜራ በማይከታተለው ረጅም ሥራ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዟ ሶልስበሪ ኖቪቾክ የተባለው የነርቭ መርዝ በአንድ ቤት የበር እጀታ ላይ ተቀብቶ ተገኘ። ከተማይቱ ሙሉ በሙሉ ነጻ መሆኗ የተነገረው ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ወታደሮች ናሙና ሲያነሡ፣ ወለል ሲነቅሉ፣ ጣሪያ ሲያወርዱ ቆዩ። የጽዳቱን ሥራ የመራው ግን የአካባቢ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ነበር፤ ወታደሩ ሙያውን አዋጣ፣ ትእዛዙን ከሲቪሉ ተቀበለ። በመከላከያ ልብስ ታሽጎ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ መውጣት፣ ሌላ ሰው መተካት፣ ዕቃውን ማጠብ፣ እንደገና መግባት፤ ይህን ለወራት የሚችለው በፈረቃ የሚሰለፍ፣ የራሱ ምግብ፣ ውሃና ጄኔሬተር ያለው ተቋም ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጀግና ቢሆንም ነገ ሌላ ቃጠሎ ይጠብቀዋል።

አውስትራሊያ ያለፈችበት መንገድ ለእኛ በሁለት በኩል ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ለ2000ው የሲድኒ ኦሎምፒክ ሲባል ከመሐንዲሶችና ከሌሎች ሙያተኞች የተውጣጣ አነስተኛ ክፍል ተቋቋመ። ጨዋታው ሲያልቅ አልተበተነም፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ሬጅመንት ሆነ። አንድ ታላቅ ድግስ ቋሚ አቅም ጥሎ ሊያልፍ እንደሚችል ይህ ያሳያል፤ በ2020 ዓ.ም. በሚካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ አስፋልት ቀብተን አበባ ተክለን ብቻ እንዳንሸኝ እፈራለሁ። ሌላው ማስጠንቀቂያ ነው። ያው ሬጅመንት እ.ኤ.አ. በ2012 የልዩ ዘመቻ መሐንዲስ ሬጅመንት ተብሎ ተሰየመ፤ ማንነቱም ከልዩ ኃይሉ ጋር ተጣበቀ። በሀብታም አገር ይህ ብዙ አይጎዳ ይሆናል፤ የሚተካው ሌላ ክፍል አይጠፋም። እኛ ዘንድ ግን ምርጡ መሣሪያና ምርጡ ሰው ወደ ዘመቻው ከሄደ ንፋስ ስልክ ላይ ክሎሪን ሲፈስ የሚመጣው ባዶ መጋዘን ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ማግስት፣ የአማራ ክልል ግጭትም ባልቆመበት ወቅት፣ ለጦሩ ሰፈር የሚዘጋበት፣ ሰው ቤት ገብቶ ናሙና የሚያነሣበት ተጨማሪ ሥልጣን መስጠት ደግ ነው? ሕዝቡስ ጭንብል ያጠለቀ ወታደር ሲያይ ልብሱን ያወልቃል ወይስ ይሮጣል? ይህን ጥያቄ በአገር ፍቅር ስብከት ማለፍ አይቻልም። የማርበርግ ምላሽም ለተቃዋሚው ማስረጃ ይሆነዋል፤ በበሽታው ላይ የተሰለፉት የጤና ሚኒስቴርና የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ነበሩ፣ ሬጅመንት አላስፈለገም። በ2007 ዓ.ም. ኢቦላን ለመዋጋት ወደ ምዕራብ አፍሪካ የዘመቱት ከ180 በላይ ኢትዮጵያውያንም የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። እቀበላለሁ፤ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ የሐኪምና የማኅበረሰቡ ሥራ ነው፤ ወታደር ቢቀር ይሻላል። ኬሚካልና ጨረር ግን ከአፈር፣ ከግድግዳና ከውሃ ጋር የሚያያዙ ናቸው። ሐኪም ታማሚውን ያድናል፤ የተበከለውን ጓሮ አፈር ግን አይገፍፍም። ስለ አመኔታው ደግሞ መድኃኒቱ ክፍሉን ከሚስጥር ማውጣት ነው። የኬሚካል መሣሪያ ስምምነት ዐሥረኛ አንቀጽ አባል አገሮች የመከላከያ መርሐ ግብራቸውን በየዓመቱ እንዲያሳውቁ ያዛል፤ በምላሹም ሥልጠናና ዕርዳታ የመጠየቅ መብት ይሰጣቸዋል። ለስምምነቱ ድርጅት ወደ ሄግ የምንልከውን ሪፖርት ለምክር ቤትና ለከተማው ነዋሪም በአማርኛ ማውጣት የሚያስከፍለን ነገር የለም።

ወጪው የሚባለውን ያህል አያስጨንቀኝም። ለመነሻ ሬጅመንት አያስፈልግም፤ አንድ ሻምበል ይበቃል። ፓምፕ፣ ቦቴ፣ ድንኳን፣ ቆፋሪ ማሽን መሐንዲሱ ያለዚያም የሚሠራባቸው ናቸው፤ አዲሱ ወጪ የመለኪያ መሣሪያውና የመከላከያ ልብሱ ነው። አደጋ በሌለበት ወራት ያው ውሃ ማጣሪያ በድርቅ ወረዳ ይሠራል። የኒውክሌር ማመንጫው ከመጣ ደግሞ ምርጫም አይኖረንም፤ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አዲስ ገቢ አገሮች እንዲያሟሏቸው ከሚዘረዝራቸው 19 ጉዳዮች አንዱ የአደጋ ጊዜ ዝግጁነት ነው። ከቼርኖቤል ፍንዳታ በኋላ ጨረሩን ለመለካት ወደ ማመንጫው ከቀረቡት ውስጥ የሶቪየት የኬሚካል ጦር አዛዡ ጄኔራል ፒካሎቭ ራሳቸው ነበሩበት። ማመንጫውን የሚሸጥ ኩባንያ እንዲህ ያለውን ክፍል አብሮ አይሸጥም።

ይልቅ ሁለት የማይወራላቸው ነገሮች ናቸው ዕቅዱን የሚያፈርሱት። የመጀመሪያው የእጣቢው ነው። መቶ ሰው ቢታጠብ ብዙ ሺህ ሊትር የተበከለ ውሃ ይወጣል። መካኒሳ ወይም ላፍቶ ላይ ቢሆን ተዳፋቱ ወደ ትንሹ አቃቂ ያወርደዋል፤ ከዚያ ወደ ጎመን መደቡ፣ ከዚያ ወደ አባ ሳሙኤል። ወንዙ አስቀድሞም በፋብሪካ ፍሳሽ የቆሰለ ነው። የማጠቢያው መስመር የት እንደሚዘረጋ፣ ውሃው በምን እንደሚጠራቀም፣ የት እንደሚወሰድ አሁን በካርታ ላይ ካልተወሰነ በአደጋው ቀን የሚወስነው የመሬቱ ተዳፋት ነው። ለዚህም ክፍለ ከተማው፣ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣንና የጦር መሐንዲሶች አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለባቸው፤ ከቴክኒኩ ይልቅ ይህ የሚከብድ ይመስለኛል።

ሁለተኛው የሕጉ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 ለመከላከያ ሠራዊት የአገር ሉዓላዊነትን መጠበቅንና በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚሰጡትን ተግባራት ይዘረዝራል። አንቀጽ 93 ደግሞ አዋጁ የሚታወጅባቸውን ምክንያቶች ሲቆጥር ወረራን፣ የሕግና ሥርዓት አደጋን፣ የተፈጥሮ አደጋንና ወረርሽኝን ያነሣል፤ በ2012 ዓ.ም. ለኮሮና የታወጀው በመጨረሻው መሠረት ነው። የፈሰሰ የፋብሪካ ኬሚካል ወይም ከቁራሊዮ መሐል የተገኘ ኮባልት በስም ከእነዚህ ውስጥ የለም። ለአንድ የተበከለ መጋዘን ተብሎ የአገር አስቸኳይ ጊዜ ይታወጅ ማለት ቀልድ ነው፤ ያለ ምንም ጽሑፍ ጦር ሰፈር ይግባ ማለት ግን ቀልድ አይደለም። የሚያስፈልገው ጠባብ አዋጅ ነው። ጥያቄውን የሚያቀርበው ከንቲባው ወይም የክልሉ ርእሰ መስተዳድር፣ በቦታው የሚያዝዘው የሲቪል አደጋ መሪ፣ ክፍሉ ያለ ጠመንጃ የሚገባ፣ የቆይታው ጊዜ በቀን የተቆጠረ፣ የተያዘ ንብረት ካሳው የተደነገገ መሆን አለበት። ፈንጂ ማጽዳቱ በ1993 ዓ.ም. ለራሱ ጽሕፈት ቤት ሲሰጥ የወታደር ሙያ በሲቪል አደረጃጀት ሊሠራ እንደሚችል ታይቷል። የአየር ንብረት ጉባኤው እስኪደርስ ያለው ጊዜ መሣሪያ ገዝቶ ሰው ለማሠልጠን ይጠብባል፤ እንዲህ ያለውን አዋጅ አርቅቆ፣ ለሕዝብ ውይይት አቅርቦ ለማጽደቅ ግን ይበቃል።